የመርከብ ሆድ በኤድመንተን

የዚያ ዓመት ብርድ ክፉ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ፀሐይ የምትባል አልታየችም። ገብረመድኅን ይሠራበት የነበረው፣ በለንደን ኤድመንተን ሰፈር ያለው መጋዘን ከፈረንጅ ገና በፊት ተዘጋ። የክፍሉ ግድግዳ ሻገተ፤ ማሞቂያው ቆመ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። መንጋጋውን አመመው፤ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ፎቅ ላይ ይኖር የነበረው አይሪሽ ሽማግሌ ሞቶ ጎረቤት ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሬሳው ሲወርድ ገብረመድኅን በሩን ገርበብ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው።

በዚያ ሰሞን በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደረጄ። ከኬንቲሽ ታውን አውቶቡስ እየቀያየረ፣ በግራ እጁ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ይመጣል። ቀኝ እጁ ዕቃ አይዝም። መዳፉ ተቃጥሎ ቆዳው ስለተሰበሰበ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ።

ሁለቱም የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ። ምፅዋ በተያዘችበት ወር የነበሩባት መርከብ ተመታች። ገብረመድኅን ያን ጊዜ ታች፣ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ነበር። እሳቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ መኮንኑ የመውጫው የብረት ክዳን እንዲዘጋ አዘዘ። ትእዛዙ ስሕተት አልነበረም፤ የተቀረው ሰው የሚድነው እንደዚያ ነው። ታች የቀሩት ክዳኑን በመፍቻ ይደበድቡ ጀመር። ደረጄ ድብደባውን ሰምቶ ማለፍ አልቻለም። የክዳኑን የጋለ መዘውር በባዶ እጁ ጨብጦ አዞረውና አንድ ሰው በአንገቱ ጎትቶ አወጣ። ያ ሰው ገብረመድኅን ነበር። ሁለተኛውን ሊስብ ጎንበስ ሲል ነበልባሉ መጣ፤ ክዳኑ መልሶ ወደቀ። ድብደባው ጥቂት ቀጠለ። ከዚያ ቆመ።

በየመን በኩል ዞረው ለንደን ገቡ። ደረጄ ነገሩን አንስቶ አያውቅም። ገብረመድኅንም አላነሣም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጄን በር ላይ ቀድሞት አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሁን በአውቶቡስ በር፣ ወደ ጎን ይልና ይቆማል።

«ቅደም እንጂ! ሙሽራ ነኝ እንዴ የምታጅበኝ?» ይላል ደረጄ።

«አንተ ቅደም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ሰው አይሰለቸውም?»

«አይሰለቸኝም።»

ደረጄ እየተነጫነጨ ይቀድማል። ገብረመድኅን ይከተላል። ሌላ የሚከፍልበት መንገድ አልታየውም።

በጥር መጨረሻ ላይ ሥራ ተገኘ። የእንግሊዝ መንግሥት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በራሱ አገር ሰዎች አስነድፎ በራሱ አገር ሊያሠራ መሆኑን ባለፈው ሐምሌ ተናግሮ ነበር። ንድፉን ለመውሰድ ብዙ ኩባንያዎች ይሽቀዳደማሉ። ከነዚያ ለአንዱ የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ በኤድመንተን አንድ ባዶ መጋዘን ተከራይቶ የመርከቡን ሆድ ቁራጭ ያበጅ ነበር። ሙሉ መርከብ አይደለም። ከአውሮፕላኖቹ ሜዳ በታች ያለ አንድ መመገቢያ ክፍል፣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል፣ በመሰላሉ ጫፍም የብረት ክዳን። ግድግዳው እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ክዳኑና መዘውሩ ግን ከአሮጌ መርከብ የተነቀሉ ነበሩ። ሠራተኞቹ «ሣጥኑ» ይሉት ነበር።

ፎርማኑ ሬይ የሚባል ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። ገብረመድኅንን ብየዳ አስሞከረውና ሳያንገራግር ቀጠረው። ገብረመድኅን የሣጥኑን ውጭ በየደ። ክዳኑ የሚቀመጥበትን ከፍ ያለ መድረክ ሠራ፤ ደረጃውን አቆመ። ውስጡን ግን አልረገጠም። አንድ ቀን ሬይ የውስጥ አምፖል እንዲያስተካክል ላከው። ገብረመድኅን እስከ በሩ ሄደ። የጠባቡ መተላለፊያ መጨረሻ ጨለማ ነው። አፉ የብረት ጣዕም ሞላው። ተመልሶ ወገቤን አሞኛል አለ። ሬይ ራሱ ገብቶ አስተካከለው።

በየካቲት ሣጥኑ አለቀ። ጂል የምትባለዋ ኢንጂነር ሠራተኞቹን ሰብስባ ነገሩን አስረዳች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ የምትለውን የምታውቅ ሴት ነች። አዲሱ መርከብ ባሕረኛ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች ይሳፈሩበታል፤ ወታደሮች፣ መካኒኮች፣ የወጥ ቤት ሰዎች። እሳት ቢነሣ መርከብ የማያውቅ ሰው በጭስ ውስጥ መውጫውን ያገኛል ወይ? መተላለፊያው ይበቃል ወይ? አንድ መሰላል ይበቃል ወይ? ይህን በወረቀት ማወቅ አይቻልም፤ ሰው አስገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ጭሱ ለዘፈን መድረክ የሚለቀቀው ዓይነት ነው፤ ሰው አይጎዳም።

«መሰላል መውጣት የሚችል ሁሉ ይሆናል፤ ይከፈለዋል» አለ ሬይ። «የምታውቃቸውን አምጣ፣ ገብሬ።»

ገብረመድኅን ማምጣቱን አልፈለገም። ግን የብርዱ ወራት ያቆራመደው እሱን ብቻ አልነበረም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለደረጄ ነገረው፤ ደረጄም ለሰው አዳረሰ። ስምንት ያህል ሰዎች እሺ አሉ። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡት ወይዘሮ ወርቅዬ አንዷ ናቸው። ዱሮ አዲስ አበባ ርዕሰ መምህር የነበሩት አቶ ልዑልቃልም ክራቫታቸውን አስረው እንደሚመጡ ተናገሩ።

«ኂሩትም ትሂድ» አለ ደረጄ። «ከኮሌጅ መልስ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልክ ከምታወራ።»

ኂሩት አንድ ልጁ ነች። እናቷ ሞታለች።

«ሌላ ሥራ ትፈልግ» አለ ገብረመድኅን።

«ምነው?»

«ጭስ ነው።»

«የዘፈን ጭስ ነው አላልከኝም?»

«ነው።»

«ታዲያ?» ደረጄ የገብረመድኅንን ትከሻ በደኅናው እጁ መታ አደረገ። «አንተ እዚያ እያለህ እኔ ምን እፈራለሁ?»

ገብረመድኅን ሣጥኑ ውስጥ አንድም ቀን እንዳልገባ አልነገረውም።

ቅዳሜ ጧት ይዘንብ ነበር። ሰዎቹ በስብሰው ደረሱ። ወይዘሮ ወርቅዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቋል። ኂሩት ጂንስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ አስራ፣ እየሳቀች መጣች።

«ጋሼ ገብሬ፣ ፊትዎ ምነው? ፊውነራል መስሎብኛል እኮ!»

«ከመሰላሉ አትራቂ» አላት።

«ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ። ጀስት ስሞክ ነው።»

በሣጥኑ ጎን ባለችው የእንጨት በር ገቡና መመገቢያው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። በሩ በላያቸው ተዘጋ። ገብረመድኅን መድረኩ ላይ፣ ከተከፈተው ክዳን አጠገብ እንዲቆም ታዘዘ፤ የሚወጡትን እጃቸውን ይዞ ሊረዳ። ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ በኩላብ ተይዟል። ከቀዳዳው ጥቁር ነገር አየና ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ።

ደወል ተደወለ። ነጭ ጭስ ተለቀቀ። ሰዎቹ እየተደናበሩ በመተላለፊያው መጡ፤ መሰላሉን በቶሎ አገኙት። ከዚያ ቆሙ።

«ይቅደሙ ወይዘሮ ወርቅዬ።» የአቶ ልዑልቃል ድምፅ ነው።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ! ሞቼ ነው የምቀድምዎት?»

«ሴት ወይዘሮ ቆማ እኔ ልውጣ? አይደረግም።»

«ቀሚስ ለብሼ በወንድ አናት ላይ መሰላል ልውጣ? አፈር ስሆን! ይቅደሙ በማርያም!»

«እንግዲያው ልጆቹ...»

«ኧረ ጋሼ፣ እናንተ ሳትወጡ እንዴት!» አሉ ወጣቶቹ ባንድ አፍ። ኂሩት ስትስቅ ይሰማል፤ እሷም ግን አልቀደመችም።

ጂል ሰዓቷን ይዛ ከታች አንጋጠጠች። «ምን እያደረጉ ነው?»

«እየተከባበሩ ነው» አለ ገብረመድኅን።

ሬይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጂል አልሳቀችም። «ባሕረኛም መኮንኑን ያስቀድማል» አለችና አንድ ነገር ጻፈች። «ይህን ነበር ማየት የፈለግሁት።»

ሲወጡ ገብረመድኅን ተቆጣቸው። በቤተ ክርስቲያን ድምፁ የማይሰማው ሰው ሲቆጣ ደነገጡ። «መሰላሉ ሥር ክብር የለም። መጀመሪያ የደረሰ ይወጣል። ሰማችሁ?»

«ሰማን አባቴ፣ አትብላን» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። ሰዎቹ ሳቁ። ሻይ ተጠጣ። ለሁለተኛው ሙከራ ተመልሰው ገቡ። ወይዘሮ ወርቅዬ እርጥቡን ነጠላቸውን ጨምቀው፣ ከውስጥ፣ መግቢያው በር አጠገብ የቆመውን ትልቅ መብራት ጠጋ ብለው በእጃቸው ሞከሩት። ደኅና ይሞቃል። ነጠላውን አጣጥፈው በላዩ አለበሱት፤ እስኪጨርሱ ይደርቅላቸዋል። ያያቸው ቢኖር እንኳ ክፉ አላሰበም። እርጥብ ልብስ ሙቀት ካለበት ይሰጣል።

ደወሉ ተደወለ። ነጩ ጭስ ተነሣ። ገብረመድኅን ከላይ ሆኖ አሸተተ። የዘፈኑ ጭስ ሽታ የለውም። ይህ ግን ሸተተው። መጀመሪያ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ፣ ከዚያ እንደ ስፖንጅ፣ እንደ ቀለም። የመመገቢያው ክፍል ወንበሮች በስፖንጅ የተሸፈኑ ናቸው።

«እሳት!» አለ በአማርኛ። ድምፁ አልወጣም። ደግሞ ጮኸ። «እሳት ነው! ውጡ! የእውነት ነው!»

ሬይ የእሳት ማጥፊያ ይዞ ወደ እንጨቱ በር ሮጠ። በሩን ሲከፍት ነበልባሉ ገፋው፤ ወደ ኋላ ወደቀ። በዚያ በኩል የሚገባ የለም። ጂል ስልክ እየደወለች ወደ ማጥፊያዎቹ ሮጠች።

ከቀዳዳው ሰው መውጣት ጀመረ። አንድ ወጣት፣ ሌላ ወጣት፣ ተከታትለው ሌሎቹም። ገብረመድኅን ይጎትታል፣ ወደ ደረጃው ይገፋል። ጭሱ ጠቆረ። ከታች የኂሩትን ድምፅ ሰማ፤ አሁን አትስቅም። «ይውጡ እትዬ! ቀሚሱን ይተዉት፣ ይውጡ!» ወይዘሮ ወርቅዬ እያለቀሱ ብቅ አሉ። ቀጥሎ አቶ ልዑልቃል፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምዝዞ። ሲወጡ ሚዛናቸውን ስተው ኩላቡ ላይ ወደቁ። ኩላቡ ተነቀለ። ክዳኑ ተንደርድሮ ወረደና ገጨ። መቆለፊያው ያዘ።

«ማን ቀረ?» አለ ገብረመድኅን።

አቶ ልዑልቃል በጉልበታቸው ሆነው ሳሉ። «ልጅቷ... እሷ ይቅደሙ ብላኝ...»

ከታች ድብደባ ተሰማ። በመፍቻ አልነበረም፤ በጫማ ተረከዝ ይመስላል። ገብረመድኅን ግን በጫማና በመፍቻ መካከል ልዩነት አልሰማም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእንቅልፉ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው። ያኔ የሚደበድበው እሱ ነበር። አሁን ከላይ ነው ያለው።

መዘውሩን ጨበጠ። እጁ ታዘዘ። አዞረው፤ ክዳኑን በትከሻው ገፍቶ ገለበጠው። ጥቁር ጭስ ፊቱን መታው። «ኂሩት!» ብሎ እጁን ሰደደ። እጁ ባዶ አገኘ። ድብደባው ቆሟል።

እግሩ መድረኩ ላይ ቀረ። ይህን ፍርሃት በሚገባ ያውቀዋል። እንደ ሰው ያነጋግረው ነበር። አትግባ፣ ይላል፤ የእሳት አደጋ መኪና እየመጣ ነው፤ አንድ ጊዜ ወጥተሃል፣ ሁለተኛ የሚያወጣህ የለም። ሱሪው ረጠበ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላወቀም። እንዲህ እያለም ዝምታውን ያዳምጥ ነበር። ድብደባ ከቆመ በኋላ ሰው ስንት ጊዜ እንዳለው የሚያውቅ ሰው በመጋዘኑ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ጊዜ የለውም።

ፊቱን አዙሮ በመሰላሉ ወረደ።

ታች ምንም አይታይም። ዓይኑን ጨፈነው፤ ክፍት ሆኖም አይረዳው። ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ከወለሉ ቀረብ ብሎ ጥቂት አየር ይኖራል፤ ድሮ ያስተማሩት ይህን ነው። አንድ እጁን ከመሰላሉ እግር ሳይለቅ ሌላውን ዘረጋ። ቆርቆሮ። ገመድ። ጫማ፣ ውስጡ እግር የሌለበት። መሰላሉን መልቀቅ ነበረበት። ከለቀቀው መመለሻው እንደሚጠፋው ያውቃል። ለቀቀው። ሙቀቱ ጆሮውን ላሰው። «እናቴ» አለ፤ የራሱን ድምፅ ሲሰማ አፈረ። ትንሽ ተሳበ። እጁ ፀጉር ነካ።

አልመለሰችለትም። ከብብቷ ሥር ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። መሰላሉ መሆን በነበረበት ቦታ አልነበረም። ዳበሰ። የለም። ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። እዚሁ ነው እንግዲህ፣ አለ በልቡ፤ ከምፅዋ እስከዚህ መጥቼ እዚሁ።

ያን ጊዜ ከላይ የሰው ድምፅ መጣ። «በዚህ! በዚህ በኩል ገብሬ! ድምፄን ተከተል!» ሽማግሌው አቶ ልዑልቃል በሆዳቸው ተኝተው፣ ራሳቸውን ጭሱ ውስጥ አስገብተው፣ በዱሮው የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው ይጮሃሉ። ድምፁን ተከተለ። ጭንቅላቱ ብረት ገጨ። እንደዚያ ቀን የሚያስደስት ምት ቀምሶ አያውቅም። ኂሩትን ትከሻው ላይ አደረገ፤ አንድ እግር፣ አንድ እግር እያለ ወጣ። ከላይ እጆች የሹራቧን አንገት ያዙና ሳቧት። ከዚያ እሱን ሳቡት።

ሐኪም ቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ኂሩት ነቅታለች፤ አፏ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ፤ ለመናገር ስትሞክር ታስላለች። ነርሷ ገብረመድኅንንም ልታስተኛው ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አለ። መተላለፊያው ላይ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። የፈራው አልቀረለትም። አሁን የሚፈራው ደረጄን ነው።

ደረጄ ካፖርት ሳይደርብ መጣ። ማንንም ሳያይ አልፎ ገባ። ቆይቶ ወጣ። ወይዘሮ ወርቅዬ ከወንበራቸው ተነሥተው እግሩ ላይ ወደቁ።

«ነጠላዬ ነው ደረጄ! መብራቱ ላይ አስጥቼው ነው! ልጅህን ልፈጃት ነበር!»

ደረጄ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በማይዘው እጁ ጭምር፣ አነሣቸው። «ይነሡ እትዬ። ጨርቅ ነው የተቃጠለው። ልጅቷ አለች።»

ወደ ገብረመድኅን ዞረ። «ማነው ታች የገባው?»

አቶ ልዑልቃል በጣታቸው ጠቆሙት።

ሌላው ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ገብረመድኅን ሌሊት በየመን የስደተኛ ሰፈር ድንኳን ውስጥ እየጮኸ ሲነሣ የያዘው፣ ሊፍት እንደማይገባ፣ የምድር ባቡር እንደማይሳፈር የሚያውቀው ደረጄ ብቻ ነው።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ታች?»

«ታች» አለ። «ፈርቼ ቆሜ ነበር ደረጄ። ወዲያው አልገባሁም።»

«እኔስ ያኔ ወዲያው የከፈትኩ መስሎህ ነው?» አለ ደረጄ። «አልቆምኩም ብዬ ነግሬህ አውቃለሁ?»

ገብረመድኅን ዘጠኝ ዓመት ጠይቆት አያውቅም።

ነርሷ ብቅ ብላ ሁለት ሰው መግባት እንደሚችል ተናገረች። ወደ ክፍሉ በር ሄዱ። ገብረመድኅን እንደ ልማዱ ወደ ጎን አለ። ደረጄ ግን አልገባም። በሩን በተቃጠለው መዳፉ ገፍቶ ከፍቶ ያዘው።

«ቅደም።»

«አንተ ቅ...»

«ተው።» ደረጄ ራሱን ነቀነቀ። «አለቀ። ያለብህ ነገር አለቀ። ግባ፣ እየጠበቀችህ ነው።»

ገብረመድኅን ጥላሸቱን ከፊቱ በክንዱ ጠረገ፤ ቀድሞትም ገባ።